የእማዬን ኩርፊያ የሚመለከት ማብራሪያ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ዜና ስለማሰማሽ፣ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽ ከሆነም ደገፍ በይ። በምሠራበት መጋረጃ ቤት ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው ረጅሙ ነጭ መብራት፣ ባደረበት የመርገብገብ ሕመም ምክንያት ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከሥራ ገበታው በሞት ተለይቷል። ሟች በሕይወት ዘመኑ ብልጭ ድርግም በማለት የታወቀ፣ በተለይ ሰማዩ ሲዳምን ትጋቱ የሚጨምር፣ ዝንቡንም የእሳት ራቱንም በእኩል ዓይን ያስተናገደ ነበር። ሥርዓተ ቀብሩም የሥራ ባልደረቦቹ በተገኙበት ጓሮ ባለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ተፈጽሟል። እኔም ተገኝቻለሁ። አላለቀስኩም።

ከዚህ ታላቅ ሐዘን ቀጥሎ ወደ ሰላምታዬ እገባለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ እታለሜ? ደረጃ ስትወጪ ቋ የሚለው ጉልበትሽ አሁንም ይናገራል ወይስ ሰሚ ሲያጣ ዝም አለ? ልጆችሽ እንዴት ናቸው? ትልቋ ቤት ውስጥ ለጠየቋት ሁሉ "አላውቅም" እያለች ትምህርት ቤት አንደኛ መውጣቷን ቀጥላለች? ባልሽስ ያቺን ጥርሱን አስነቀላት ወይስ እስካሁን በአንድ ጉንጩ እያኘከ በሌላው ይፎክራል? አባዬስ? ጤናው፣ እግሩ፣ ጆሮው፣ ሬዲዮኑ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ እጄን ካነሳሁ በኋላ መልሼ አወረድኩት። ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው ደህና ስላልነበርኩ ነውና። አትደንግጪ። የሚያስደነግጥ ቢሆን ኖሮ በመብራት አልጀምርም ነበር።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። እናንተ ቤት ስልክ ማለት ሕዝባዊ ስብሰባ ነው። ድምፅ ማጉያው ይከፈታል፤ አባዬ ይሰማል ወይ ብሎ ይጮሃል፤ ልጆቹ ይሰማል ብለው ይጮሁበታል። ይህ ሲሆን አጎታችን ሊቀመንበር፣ ማንም ሳይመርጠው የሁሉ ነገር ሊቀመንበር የሆነው፣ ስልኩን ይነጥቅና ስለ አየሩ ሁኔታ ይጠይቀኛል፤ ራሱ ይመልሳል፤ ራሱ ይዘጋል። ደብዳቤን ግን ማንም አያቋርጠውም። ደግሞ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ወሩ ሳያልቅ ያደርስልኛል። መድረስም አለበት።

ምክንያቱም ባለፈው የላክሽልኝን መልእክት አንብቤ ክው አልኩ። ወንድም ጋሼና ሚስቱ በወሩ መጨረሻ ከቤት እንዲወጡ ተወስኗል አልሽኝ። ሙሽሪት፣ ካገባች ስንት ዘመኗ ሆኖ ዛሬም ሙሽሪት የምንላት ያቺ ምስኪን፣ ማታ ማታ ከፀጉር ቤት ሥራዋ ገብታ እማዬን ትስማለች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እማዬ ብድግ ብላ ክፍሏ ገብታ በር ትዘጋለች። ራት አትበላም። ብትጠራ አትመልስም። ሊቀመንበርም ጉባኤ ጠርቶ፣ አማትና ምራት የሚስማሙት በመካከላቸው ቢያንስ አንድ የአውቶቡስ መስመር ሲኖር ነው ብሎ ፈረደ። እማዬ ተጠይቃ "እንደፈቀዳችሁ" ብቻ አለች። ሙሽሪት ዕቃ እየሸከፈች ታለቅሳለች። ወንድም ጋሼ ደግሞ በእናቱና በሚስቱ መሐል እንደ በር ማጠፊያ፣ በየትኛውም በኩል ቢገፉት ሲጢጥ ይላል። እታለሜ፣ ይህ ደብዳቤ በዚያ ፍርድ ላይ የቀረበ ይግባኝ ነው። እስከ መጨረሻው ተነቦ ሳያልቅ ያ ሻንጣ እንዳይቆለፍ።

ማስረጃዬ የሚጀምረው ከጨርቅ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ለአንድ ምግብ ቤት መስኮቶች የታዘዘ አዲስ ጥቅል መጣልንና ላየው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አሸዋ የሚመስል፣ አበባ የሌለበት፣ ዝም ያለ ጨርቅ ነው። ከመሐሉ ላይ ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ መስመር አየሁበት። እንከን! ጨርቅ ቆራጫችንን ጠራሁት። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ሁሉም ረስቶት ሜትሮ ነው የሚባለው፤ መለኪያውን ከአንገቱ አውልቆ አያውቅም፤ ሲተኛም እንደማያወልቀው ሚስቱ ትመሰክራለች። ሜትሮ አፍንጫው ጨርቁን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ አየና የቱ ጋ ነው አለኝ። እዚህ ነዋ አልኩት። መነጽሩን አደረገ። "ወንድሜ፣ ይሄ ጨርቅ ከእኔ ኅሊና የጸዳ ነው" አለኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ያንተ ኅሊና ለጽዳት መለኪያ የሆነው ብዬ ለጨርቅ ነጋዴው ደወልኩ። ነጋዴው በልጆቹ ማለ። እኔም ልጆቹን ከዚህ ነገር እንዲያወጣቸውና ጨርቁን መጥቶ እንዲወስድ ነገርኩት።

በጩኸቱ አለቃችን መጣች። ግርማ ያላት፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ የስፌት መኪናው ሳይቀር "እርስዎ" የሚላት ሴት ናት። ጨርቁ ላይ ጎንበስ አለች። እንከኑን ላሳያት ቀና ስል መጋዙ ከጨርቁ ተነስቶ ግንባሯ ላይ ሰፍሯል። ግራ ጉንጯ ደግሞ ጭራሽ የለም። እኔም በቅን ልቦና፣ "ይቅርታ፣ እርስዎም ላይ አለ" አልኳት። ሜትሮ ቀስ ብሎ መቀሱን ከእጄ ወሰደ።

ብዙም ሳይቆይ መስመሩ ጠፋ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሕመሙ ቀደመኝ። ከግራ ዓይኔ ጀርባ፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ልቤ በመታ ቁጥር አብሮ ይመታል። ነፍሱን ይማረውና ያ መብራት ሲርገበገብ እያንዳንዱ ብልጭታ እንደ መርፌ ይገባል። ዕድሜ ልኬን ያላስተዋልኩት የካውያ እንፋሎት ሽታ አንጀቴን አገላበጠው። የስፌት መኪናዎቹ ጨርቁን ትተው የእኔን ጭንቅላት የሚዘመዝሙ መሰለኝ። ራመድ ስል ባሰ፤ ቁጭ ስል አልተሻለም። በመጨረሻ ቁርጥራጭ ጨርቅ በሚጣልበት ቅርጫት ውስጥ፣ ውድ ውድ ሐሮች ላይ፣ ያለ የሌለኝን አስመለስኩ። አለቃችን ቅርጫቱንም እኔንም አየችና "ዛሬውኑ ሐኪም ቤት" አለች። ጨርቁ ተቆርጦ ተሰፍቶ ተሰቅሏል፤ ምንም እንከን አልነበረበትም። ነጋዴውንም ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ልጆቹን ሰላም በልልኝ ብዬዋለሁ።

እውነት ለመናገር ራሴን ሲያመኝ የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ እንግዳው መጋዙ ብቻ ነበር። ለእናንተ ሳልነግራችሁ ሕመሙን ዓመታት ኖሬበታለሁ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ሐኪም ነው። ሜትሮ ሚስት ስለሌለህ ነው አለኝ፤ ሚስት ያላቸው ሌሎች ደግሞ ተመስገን በል አሉኝ። አለቃችን ዓይንህን ተመርመር አለችኝና ተመረመርኩ፤ ዓይኔ ከእሷ ዓይን ተሽሎ ተገኘ። ካውያ የሚመታው ልጅ ጥርስህ ነው ብሎ ስለማለልኝ አንድ ምንም ያላጠፋ ጥርስ አስነቀልኩ። ባልሽን ንገሪው፣ የእሱ ጥፋተኛ እዚያ ተቀምጦ የእኔ ንጹሕ ተነቅሎ ተጥሏል። ከዚያ በኋላ ከሱቅ በሚሸጥ የሕመም ማስታገሻ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ሳንቲም ሲንኳኳ ከሰማሽ ሳንቲም አይደለም።

ሐኪም ቤት ያገኘኋት የነርቭ ሐኪም ናት። ፊቷ አይሥቅም፤ ንግግሯ ግን ያሥቃል። በአንድ በኩል ነው ወይ፣ ይመታል ወይ፣ ብርሃን ይረብሻል ወይ፣ ያቅለሸልሻል ወይ፣ እጅህ ዝሎ ወይ አፍህ ተሳስሮ ያውቃል ወይ እያለች ጠየቀችኝ። መዶሻ በምትመስል ነገር ጉልበቴን መታች፤ ዓይኔ ውስጥ አበራች፤ በቀጭን መስመር አስኬደችኝ። ከዚያ ከቤተሰብ ራሱን የሚያመው ሰው አለ ወይ አለችኝ። ኧረ በፍጹም፣ እኛ ቤት የሰው ራስ የሚያሳምም አጎት እንጂ ራሱን የሚያመው የለም አልኳት። ደህና አስበህ ንገረኝ፣ ጨለማ ክፍል ገብቶ የሚተኛ ሰው የለም ወይ ስትለኝ፣ እናቴ አለች፣ እሷ ግን አኩርፋ ነው አልኳት።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። "ስታኮርፍ ያስመልሳታል?" አለችኝ። አዎ፣ ንዴቱ ሆዷ እየገባ አልኩ። "መስኮቱንስ?" ብርድ ልብስ በምስማር ትሰቅልበታለች። "ድምፅስ?" አባቴ ከበር ውጪ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቃት ትራስ ራሷ ላይ ትጭናለች። "ኩርፊያው ምን ያህል ይቆያል?" ግማሽ ቀንም፣ አንድ ቀንም፤ ሲከፋ ሦስት ቀን፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወጥታ ሳህን ታጥባለች። "ምን እንዳስቀየማትስ ትናገራለች?" እሱን እኛም ዕድሜ ልካችንን ስንፈልግ ነው የኖርነው አልኳት። ሐኪሟ አየችኝና፣ "እኔ ጋ እንደ እናትህ ያሉ አኩራፊዎች በየቀኑ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ አኩርፈው ግን አይደለም" አለችኝ። እታለሜ፣ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ነገሩ ማይግሬን ይባላል። ስሙን ሰምተሽው ይሆናል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ የሀብታሞች ይመስለኝ ነበር። ሐኪሟ ስታስረዳኝ፣ አንዳንድ ሰው ሲፈጠር አንጎሉ ከልክ በላይ ንቁ ነው፤ ድመት ባለፈች ቁጥር ፊሽካ ነፍቶ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ዘበኛ ማለት ነው አለችኝ። ብርሃን ሲርገበገብ ፊሽካ። ሽቶ ሲሸት ፊሽካ። ምሳ ሲያልፍ፣ እንቅልፍ ሲጎድል፣ እንቅልፍ ሲበዛም፣ የወር አበባ ሲቀርብ፣ ጭንቀት ሲመጣ፣ አንዳንዴም ጭንቀቱ ሲያልቅ። መጋዙም የሕመሙ ዋዜማ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ያየዋል፣ ብዙው ጨርሶ አያየውም። ዋናው ነገር፣ አለችኝ፣ ይሄ ዓመል አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም፣ ሚስት ማጣትም አይደለም። በዘር የሚሄድ የአንጎል ሕመም ነው። "ሚስት ማጣትም አይደለም" ያለችውን ወደ ሜትሮ ወስጄ ቃል በቃል አነበነብኩለት። "እሷስ አግብታለች?" አለኝ።

ስለ ኪኒኑ ደግሞ በኩራት ነበር የነገርኳት፤ ከአልጋዬ ሳልወርድ እንደምውጥ፣ ሳያመኝም አስቀድሜ እንደምውጥ። እሷ ግን ራስ ምታቱን ራስህ እያመረትከው ነው አለችኝ። ማስታገሻ ሲበዛ፣ ለሕመሙ የተወሰደው መድኃኒት ራሱ ሕመም ይሆናል አለች። ስለዚህ አሁን ሕጉ እንዲህ ነው፦ ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የለም። በምወስድበት ቀን ደግሞ ገና ሲጀምር እወስዳለሁ፤ ጀግና መስዬ ጥርሴን ነክሼ ከቆየሁ በኋላ የመጣ መድኃኒት በሩ ተዘግቶ ነው የሚደርሰው። ለማይግሬን ብቻ የተሠራ ሌላ ኪኒን፣ ማቅለሽለሹንም የሚያስታግስ አዛልኛለች። በተጨማሪ ቢያመኝም ባያመኝም በየቀኑ የምወስደው መከላከያ አለ፤ እሱ ወር ሁለት ወር ካልቆየ ሥራው አይታይም። ምግብ በሰዓቱ፣ ውኃ በብዛት፣ እንቅልፍ እሑድንም ጨምሮ በተመሳሳይ ሰዓት። ኪኒኑን የተውኩ ሰሞን ሕመሙ ከመጥፋት ይልቅ ጨመረ፤ ሜትሮን እንኳ መስደብ አቃተኝና ሰውየው ከልቡ ተጨነቀ። ከዚያ ተንፈስ አልኩ። ድኛለሁ አልልሽም፤ ይመጣል። ድሮ ግን እንደ ባለቤት በሩን በርግዶ ነበር የሚገባው፤ አሁን እንደ እንግዳ አንኳኩቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስና ያን የተዘጋ በር አስቢው። እማዬን ለማስታረቅ የወሰድናቸውን እርምጃዎች ለሐኪሟ ዘርዝሬላታለሁ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ በዚያ ገበያ በሚጠራ ድምፁ፣ ጥፋቱን ይናዘዝ ነበር። ጥፋቱ የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም ይናዘዛል፤ ሳያማክራት የሸጠውን ወንበር፣ ስለ እናቷ ወጥ የተናገረውን፣ ማንም ያልጠረጠረውን ሁሉ። እሷ ዝም ባለች ቁጥር ይጨምራል። በዚህ ዘዴ ከአባዬ የወጣውን ምስጢር መርማሪ ፖሊስ አያወጣውም ነበር። አንቺ ደግሞ ሽታው እንዲጠራት ብለሽ ሽንኩርት እየጠበስሽ በሩን ገርበብ ታደርጊዋለሽ። ወንድም ጋሼ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ይገነጥልና "ፀሐይ ይግባልሽ እንጂ!" ይላል። እኔ እንድትሥቅ ብዬ እያጨበጨብኩ እዘፍናለሁ። በመጨረሻ ሊቀመንበር ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ስለ ትዳር ንግግር ያደርጋል፤ ሲናገርም እግሩን ስለሚያወዛውዝ አልጋው አብሮ ይወዛወዛል። ሐኪሟ ይህን ሰምታ፣ "ልታሠቃዩዋት ተሰብስባችሁ ብታቅዱ እንኳ እንዲህ አይሟላላችሁም ነበር" አለችኝ።

ደግሞኮ ነግራን ነበር። "ራሴን" ትል ነበር፣ በሩን ከመዝጋቷ በፊት። እኛ ግን ትናንት ያን ሁሉ ልብስ ያጠበች ሴት ዛሬ ምን ራስ አላት ብለን ሰበብ አደረግነው። አያታችንም በሰፈሩ በኩርፊያዋ የታወቀች ነበረች፤ ልጅቷ የእናቷን ዓመል ወሰደች ሲባል አድገናል። ኩርፊያው በዘር እንደሚወርድ ልክ ነበርን እኮ እታለሜ፤ የሳትነው ስሙን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሙሽሪትን ተመልከቻት። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ስታጥብ፣ ስትቀባ፣ ስትነፋ ትውላለች፤ ማታ ስትገባ ያ ሁሉ ቀለምና ቅባት ልብሷ ላይ አብሮ ይገባል። አማቴ አልወደደችኝም ብላ ስለምትሰጋ ደግሞ ደስ እንዲላት ብላ በር ላይ ቆማ ሽቶ ትጨምርበታለች፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ቤቱ ይድመቅ ብላ ሳሎን የሰቀለችው ባለ ቀለም መብራትስ? ሲበራ ሲጠፋ፣ ሲበራ ሲጠፋ! እማዬ ደግሞ ሁሉም ሳይገባ አልበላም ብላ ምሳዋን ዘልላ የምትጠብቀው በዚያው ሰዓት ነው። ለዘበኛው አንድ ድመት ይበቃው ነበር፤ እኛ መንጋ ነው የለቀቅንበት። ሠርጋቸው ላይ እማዬ ድግሱ ሳይጋመስ ጥላ ወጥታ የሙሽሪት ወላጆች የተቀየሙበትን ቀንም አስታውሺ። የቪዲዮ አንሺው መብራት ፊት ለፊቷ ነበር የተተከለው። እማዬ ራሷም የሚያማት ሽታው መሆኑን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ለሙሽሪት ትነግራት ነበር።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው። መጀመሪያ እማዬን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። እኔ ማይግሬን ነው ብዬ ፈረድኩ እንጂ እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ በዚያ ላይ በቅርቡ በአንድ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በሐሰት የመሰከርኩ ሰው ነኝ። ሐኪም ይያት፤ የደም ግፊቷም ይለካ። የእኔን ኪኒን ልላክላት ብዬ ብጠይቅ ሐኪሟ ተቆጣችኝ፤ ለልብና ለደም ሥር የማይስማማ አለበት፣ በዕድሜዋ ሳትመረመር አይሆንም ብላለች። አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ፦ ሕመሙ ከለመደችው የተለየ ሆኖ ድንገት እንደ መብረቅ ቢመታት፣ እጇ ወይም እግሯ ቢዝል፣ አፏ ቢተሳሰር፣ ወይ ከትኩሳት ጋር አንገቷ ቢገተር፣ በር ዘግታ ትተኛ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል። ከዚያ ውጪ ባለው ቀን ምሳዋን በሰዓቱ ትብላ፣ የሳሎኑ መብራት ይውረድ፣ ሙሽሪት ታጥባና ልብስ ቀይራ ትሳማት። በሩ ሲዘጋም ውኃ አስቀምጣችሁላት ዝም በሉ። አባዬ ኑዛዜውን በጽሑፍ ያቅርብ።

ለራሴም አንድ ነገር አግኝቼበታለሁ። እኔ የሄድኩ ቀን እማዬ በር ዘግታ ሳትሸኘኝ መቅረቷን ታስታውሻለሽ። ሻንጣዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ "እማዬ፣ ሄድኩ" ብዬ ነበር፤ መልስ አልነበረም። አንቺ ነሽ እጄን ይዘሽ ያወጣሽኝ። ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። አሁን ግን ገባኝ፤ ያን ዕለት አሟት ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ፣ የማን ራስ ይችላል? ቂሜን ሰርዣለሁ፤ ይህንንም ስነግርሽ ጫንቃዬ ቀሎኛል።

ከደብዳቤው ጋር በጥቅል የሚደርስሽ መጋረጃ የእማዬ ነው። ከውጭ በኩል እሷ የምትወደው ውኃ ሰማያዊ ነው፤ ከውስጥ ግን ሁለት ድርብ ጥቁር ገበር አግብቼበታለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ቢዘጋ የራስሽን እጅ አታዪውም። ምሳ ሰዓት ላይ ተቀምጬ የሰፋሁት ነው፤ ጠርዙን ሜትሮ ነው የቆረጠልኝ፣ ለእናትህ ከሆነ አላጣምመውም ብሎ። ምስማሮቹን ነቅላችሁ ግድግዳውን ለስኑት። ቀለበቶቹ ጨርቅ የተጠቀለለባቸው ናቸው፤ ሲጎተቱ አይንጫጩም።

በሉ እንግዲህ ለሁላችሁም በየፊናችሁ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ስለ ወንበሩ ድሮ ይቅር ተብሏልና ይረፍ በይው። ወንድም ጋሼን ቀና ብለህ ሂድ በይልኝ። ለሙሽሪት በተለይ፣ ሻንጣው ተፈትቶ ልብሱ ቁም ሣጥን መግባቱን በዓይንሽ አይተሽ ጻፊልኝ። ለልጆችሽ ጉንጭ ጉንጫቸውን፣ ለባልሽ ለደህነኛው ጉንጩ ብቻ። ሊቀመንበርን አክብረሽ ሰላም በይልኝና ቀጣዩን ጉባኤ እማዬ ከምትተኛበት ክፍል ራቅ አድርጎ እንዲጠራው አሳስቢልኝ። እማዬን ግን እኔ ራሴ ደውዬ ሰላም እላታለሁ፤ ሐኪሟ ጠይቃት ያለችኝ ነገርም አለ።

የሁልጊዜም ታናሽ ወንድምሽ
ከመጋረጃው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ፣ መስኮቱ አጠገብ
መጋቢት 12 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

እርማት። ይህ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት እናታችን ብቻቸውን ቤት በነበሩበት ሰዓት፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በስልክ በሰጡት ቃልና በሥራ ቦታ በተደረገ ማጣራት መሠረት የሚከተለው እንዲታረም ሆኗል። በመግቢያው ላይ ሞቶ ተቀበረ የተባለው መብራት አልሞተም፤ ሜትሮ ከበርሜሉ አውጥቶ፣ ከሚሰካበት አቃፊ ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ ለውጦለት፣ በአሁኑ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ሳይርገበገብ እያበራ ይገኛል። እናታችን የሚያማቸው ሽታው መሆኑን አያውቁም የተባለውም ስሕተት ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁ ነበር። ያልተናገሩትም፣ በራሳቸው አባባል፣ "ሽቶሽ ያመኛል ብላት መሳሟን ትታ ከሩቅ ሰላም ብትለኝስ ብዬ ነው፤ ከእናንተ ውስጥ ቤት ሲገባ የሚስመኝ ሌላ ማን አለ?" በሚል ነው። ይህም ለሙሽሪት እንዲነገራት ፈቅደዋል። በመጨረሻም፣ እኔ የሄድኩ ዕለት እናታችን በራስ ምታት ምክንያት ሳይሸኙኝ እንደቀሩ የተገለጸው ፍጹም መሠረተ ቢስ ነው። እናታችን በዚያን ዕለት ራሳቸውን ጨርሶ አላመማቸውም ነበር። በሙሉ ጤንነት፣ አስበውበት፣ ከልባቸው አኩርፈው ነበር። ኩርፊያው እስከ ዛሬ ያልተነሳ ሲሆን፣ የሚነሳውም ባለጉዳዩ በአካል ሲቀርብ ብቻ መሆኑን አስታውቀዋል።